የቢሮው ትራፊክ

ልጄ ሉብና ቅየሳ ቢሮ ሥራ ከያዘች ወዲህ ምሳዋን የማደርስላት እኔ ነኝ። ትልቅ ሴት ናት፤ ራሷ ይዛ መሄድ አያቅታትም። ግን ጠዋት ስትጣደፍ ትተወዋለች፤ የውጭ ምግብ ደግሞ ጨጓራዋን ያስነሳባታል። ስለዚህ ምሳ ዕቃውን በሻሽ ጠቅልዬ አስፋልቱን ተሻግሬ እሄዳለሁ። እሷ እስክትበላ እጠብቅና ባዶውን ይዤ ከቢሮው ጀርባ ወዳለው አዳራሽ፣ ወደ ጎልማሶች ትምህርት አልፋለሁ።

ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ዓይኔ አላርፍ ብሏል። ድሮ ሳላየው የማልፈው ጽሑፍ ሁሉ አሁን ይጠራኛል። መምህራችን ማዕረግ «ያላነበባችሁትን አትለፉ» ትላለች፤ እኔ ደግሞ የተባልኩትን አጥብቄ የምይዝ ሰው ነኝ። ችግሩ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ሰው ከኋላዬ ከመጣ ፊደሉ ሁሉ ይጠፋኛል። ይህን ለሉብና ብነግራት፣ መስታወቱ የተሰነጠቀውን የድሮ ስልኳን ሰጠችኝ።

«ፎቶ አንሺውና ቤት ገብተሽ ተረጋግተሽ አንብቢው፤ ማን ይቸኩልብሻል?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ያላነሳሁት ነገር የለም። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የአዳራሹ በር ላይ ያለውን ሁሉ። ሉብና የምትሠራበት ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል፤ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ እሱንም አነሳሁት። ለካርታው ብዬ አልነበረም፤ የማውቃቸው ስሞች ስላሉበት ነው። ሐይቅ ይላል፣ አርዲቦ ይላል። የማውቀውን ቦታ ስም ስፈታ አንጀቴ ይርሳል።

በዚያ ሰሞን ግን ቢሮው ውስጥ ደስታ አልነበረም። በሐይቁ ዳር አንድ መዝናኛ ሊሠራ ታስቦ፣ ወሰኑን የሚለካው የእነ ሉብና ቢሮ ነበር። መስመሩ በየት በየት እንደሚያልፍ ገና አልታወጀም። ሰው ግን አስቀድሞ አወቀው። ትናንት ባዶ የነበረ መሬት ላይ ችግኝ በቀለ፣ ዳስ ቆመ፤ ካሳ ሲመጣ እንዲቆጠር ነው። ኃላፊው፣ ኢንጅነር ዋለ፣ በንዴት አበደ። ሉብና እራት ላይ ነገረችኝ።

«ከመካከላችሁ አንዱ ካርታውን አሳልፎ ሰጥቷል ይለናል» አለች። «እማ፣ ካርታውን የምሥለው እኮ እኔ ነኝ።»

ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ሥራዋ በኮንትራት ነው፤ ኮንትራቱ የሚታደስበት ጊዜም ደርሷል። እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

በማግስቱ ምሳ ይዤ ስደርስ ጸሐፊዋ ተሻለች በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ተሻለች ሳቂታ ናት፤ ያን ቀን ግን ፊቷ ጠቁሯል።

«እት አሪፋ፣ ዛሬ ቶሎ ብለሽ ውጪ። ከደሴ ትራፊክ የሚቆጣጠር ሰው መጥቷል።»

«ትራፊክ? ሾፌራችሁ ሰው ገጨ እንዴ?»

«ኧረ የመኪናው አይደለም፣ የ...» ስልክ ጮኸባትና ሮጠች።

ኮሪደሩ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። የዋለ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ላፕቶፕ ከፍቶ ተቀምጧል። ከላፕቶፑ ረጅም ገመድ ወጥቶ ግድግዳው ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ወደሚያደርገው ሳጥን ይሄዳል። ዩኒፎርም አልለበሰም። ያለ ዩኒፎርም የሚመጣ ትራፊክ የባሰ ነው ብዬ ልቤ ፈራ። ጠረጴዛው ላይ የሠራተኛው ስልክ ሁሉ ጠፍቶ ተደርድሯል፤ የሉብናን በቀይ ሽፋኑ ለየሁት።

ሉብና ከክፍሏ ወጥታ ምሳ ዕቃውን ተቀበለችኝ። እጇ ቀዝቅዟል።

«ምንድነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ምንም አይደል። ተቀመጭ።»

ክፍሏ ገብታ መብላት ጀመረች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የወጣቱ ድምፅ ይሰማኛል። ስሙን የያዝኩት ዋለ «ሙዓዝ» ብሎ ሲጠራው ነው።

«አየህ ኢንጅነር፣ የናንተ ሐይቅ ወንዝ ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም» ይላል። «ቢሮ ግን ይገባበታልም፣ ይወጣበታልም። የሚገባው ደህና ነው። የሚወጣውን ነው ማየት ያለብህ። ይኸው፣ ካለፉት ቀናት የተመዘገበው። በምሳ ሰዓት አንድ ነገር በብዛት ይወጣል።»

«ምን ጭኖ?»

«እሱን አላይም። የተሸፈነ ነው። የማየው መጠኑንና መድረሻውን ብቻ ነው። ርቆ ይሄዳል፣ ከአገር ውጭ ነው የሚራገፈው።»

እኔ አግዳሚው ላይ ሆኜ ደረቴን ያዝኩ። በምሳ ሰዓት፣ ተሸፍኖ፣ በብዛት ተጭኖ! ይህ ኮንትሮባንድ ነው እንጂ ምን ሊሆን ነው? በባቲ በኩል ስንት መኪና ሲያዝ ሰምቻለሁ። የቢሮውን መኪና ለእንዲህ ያለ ነገር አውለውታል፤ ልጄም ምንም ሳታውቅ ከእነሱ ጋር ልትታሰር ነው። ያ አላህ፣ ሉብናዬን ጠብቃት አልኩ።

ብድግ ስል አዲስ ማስታወቂያ አየሁ። መውጫው በር ላይ ተለጥፏል፤ ሙጫው እንኳ አልደረቀም። ቀረብኩ። የመጀመሪያውን ቃል ቶሎ አወቅሁት፣ ማስታወቂያ ይላል። ቀጥሎ ያለው ረጅም ነው፣ «የ፣ኔ፣ት፣ወ...» ትቼው አለፍኩ። ቀጥሎ ያለውን ግን ፈታሁት። ት፣ራ፣ፊ፣ክ። ትራፊክ! እውነት ነው ማለት ነው። ከሥሩ ገና አራት መስመር አለ። ምን ይሆን? ቅጣት ይሆን? የልጄ ስም ይኖርበት ይሆን? ፊደሉ ዓይኔ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከኋላዬም ኮቴ ሰማሁ። ቤት ገብቼ አነበዋለሁ ብዬ ስልኬን ከጉያዬ አውጥቼ አነሳሁትና መልሼ ሸጎጥኩት።

ወዲያው ከውስጥ ሙዓዝ ጮኸ።

«አሁን! አሁን ወጣ! ይኸው እየሄደ ነው!»

በመስኮቱ ወደ ግቢው አየሁ። መኪናው ጥላ ሥር ቆሟል። ሾፌሩ ውስጡ እግሩን ሰቅሎ ተኝቷል።

«መኪናው እኮ ቆሟል» አልኩ ለራሴ።

ዋለ በሩን በርግዶ ወጣ። «ማንም ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ! የማን ነው ሙዓዝ?»

«ስልክ ነው። በዋይፋዩ ነው የገባው። ባለቤቱ ስም ሰጥቶታል፤ የሉብና ስልክ ይላል።»

ሉብና አፏ ውስጥ ያለውን ሳትውጥ ተነሳች። «ስልኬ ጠዋት ያስረከብኩት እኮ ነው። ጠፍቶ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው ያለው።»

ሙዓዝ ቀይ ሽፋን ያለውን አንስቶ አየው። «እውነቷን ነው፣ ይሄ አይደለም። ሌላ ነው።»

«ሁለት ስልክ አለሽ ማለት ነው» አላት ዋለ። «አንዱን አስረከብሽልን፣ በሌላው ትልኪያለሽ።»

ልጄ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከዚያ አየችኝ። ዓይኗ ፊቴ ላይ አርፎ ወደ ጉያዬ ወረደ። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሲሸሽ አየሁት።

«እማ» አለችኝ፣ ረጋ ብላ፣ «ምሳ ዕቃውን ውሰጂና ሂጂ። ትምህርት ይረፍድብሻል።»

ምሳዋን አልጨረሰችም። በልታ ሳትጨርስ ሂጂ ብላኝ አታውቅም። ባለሁበት ቆምኩ።

«ስልኩ የት ነው?» አለ ዋለ።

«የድሮ ስልኬ ነው።»

«የት ነው?»

«ቤት።»

ሙዓዝ ከመቀመጫው ሳይነሳ አንገቱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ ቤት ያለ ስልክ እዚህ ዋይፋይ ውስጥ አይገባም። አሁንም አለ። እዚሁ፣ ቅርብ ነው።»

«ሉብና፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ» አለ ዋለ። «ካልሰጠሽኝ ለፖሊስ እደውላለሁ። ኮንትራቱን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እርሽው።»

ሉብና መሬት መሬት አየች። ተሻለች «ኧረ በግሸኗ፣ ተናገሪ ልጄ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ስለ መኪና አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ያልገባኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ስለ ስልክ ነው የሚያወሩት፤ የሉብና የድሮ ስልክ ደግሞ እኔ ጋ ነው ያለው። እጄን ጉያዬ ብሰድ ስልኩ ይሞቃል። ምን እንዳደረገ አላወቅሁም፤ አንድ ነገር እንዳደረገ ግን አወቅሁ። አውጥቼ ዘረጋሁላቸው።

«እማ!» አለች ሉብና።

«ይኸው። እኔ ጋ ነው።»

ዋለ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ። «በእናትሽ ነው የምታስልኪው?»

«እሷ ምንም አታውቅም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ኢንጅነር፣ እሷን አይንኩብኝ።»

«ዋይፋዩ ውስጥ እንዴት ገቡ? ፓስዎርዱን ማን ሰጠዎት?»

እዚህ ላይ ልጄን የሚያድናት እኔ የምናገረው ቃል መሰለኝ። ፓስዎርድ ለውጭ ሰው መስጠት እንደሚያስቀጣ ሉብና አንድ ቀን ነግራኛለች።

«ማንም አልሰጠኝም» አልኩ። «ሰርቄ ነው።»

«ከየት?»

«ግድግዳው ላይ... አንብቤ።»

ሙዓዝ መነጽሩን አወለቀ። «እማማ፣ ግድግዳ ላይ የለም። ደግሞ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እንግሊዝኛ ያነባሉ?»

አማርኛውም ገና ነው።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለች ሉብና። «የትምህርት ቪዲዮ እንድታይበት ብዬ ራሴ አስገባሁላት። ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ ግን ምንም የለም።»

«ምንም የለም? ይኸው ስንት ነገር ነው የወጣው! ክፈተው ሙዓዝ።»

ሙዓዝ ስልኩን ተቀብሎ ከፈተውና ፎቶዎቹ ውስጥ ገባ። ዋለና ተሻለች በትከሻው ላይ አጎነበሱ።

«ፋርማሲ» አለ ሙዓዝ እያሳለፈ። «ስጋ ቤት። ባጃጅ። ባጃጅ። አሁንም ባጃጅ። ይሄ ምንድነው? የዘይት ጀሪካን። እማማ፣ ይሄን ሁሉ ለምን ያነሱታል?»

«ላነበው» አልኩ። «ቤት ገብቼ ላነበው ነው። አሁን አሁን መማር ጀምሬያለሁ።»

«ስልኩ ያነሱትን ሁሉ ወደ ሉብና የድሮ የኢንተርኔት ማስቀመጫ ይልካል፤ እሱ ነው ውጭ አገር ያለው። በራሱ ነው የሚልከው፣ ዋይፋይ ሲያገኝ። ለዚህ ነው በምሳ ሰዓት የሚበዛው።»

ትንሽ ተነፈስኩ። ግን ጣቱ መሄዱን አላቆመም። አንድ ፎቶ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ዋለ ስልኩን ከእጁ ነጠቀው።

«ይኸው! ይኸው ካርታዬ!»

ወደ እኔ አዞረው። ያ የግድግዳው ካርታ ነው። ሉብና ዓይኗን ጨፈነች።

«ይህን ለማን አሳዩ?»

«ለማንም። ወላሂ ለማንም።»

«ይሄ ቀዩ መስመር ምንድነው?»

«ወንዝ።»

«ወንዝ ቀይ ነው እንዴ?»

«ክረምት ሲሆን ይቀላል» አልኩት። እውነቴን ነበር።

ተሻለች ሳቋ አምልጧት ፊቷን አዞረች። ዋለ ግን አልሳቀም። «ሊያታልሉኝም ይችላሉ» አለ፣ ለሙዓዝ።

«መቼ እንደተነሳ ይታያል» አለች ሉብና ድንገት። ድምፏ ተመለሰ። «ሙዓዝ፣ ቀኑን እየው።»

ሙዓዝ ስልኩን ከዋለ ተቀብሎ ነካ ነካ አደረገው። እስኪከፈት የጠበቅነው ጊዜ ረዘመብኝ። ካርታውን መቼ እንዳነሳሁ እኔም አላስታውስም። ያለፈው ሳምንት ቢሆንስ?

«የዚህ ሳምንት ሰኞ ነው» አለ።

«ዳሶቹን ያየናቸው እኮ ባለፈው ሳምንት ነው፣ ኢንጅነር» አለች ተሻለች። «አንተ ራስህ ሄደህ አይተህ በሩን ወርውረህ የገባኸው።»

ዋለ እንደገና ስልኩ ላይ አጎነበሰ። «ከሰኞ በፊት ያነሱት ሌላ ካለስ?»

ሙዓዝ ወደ ኋላ ሄደ። ብዙ ሄደ። የእስካሁን ትምህርቴ ሁሉ በጣቱ ሥር እየሮጠ አለፈ። «ከዚያ በፊት ከዚህ ቢሮ ያለው አንድ ነው። ሽንት ቤቱ በር ላይ ሴቶች የሚለው።»

«ታዲያ መስመሩን ማን አወጣው?»

«እኔ የማየው በዋይፋይ የሚወጣውን ነው፣ ኢንጅነር። በአፍ የሚወጣውን የማይበት መሣሪያ የለኝም።»

«የወሰኑን ካስማስ ቀይ ቀለም ቀብተን አይደል የተከልነው?» አለች ተሻለች። «ገበሬው ዓይን የለው?»

«ዝም በይ ተሻለች!»

ዋለ ስልኩን አጥፍቶ መለሰልኝ። ፊቱ ግን አልተፈታም። ለሉብና እንዲህ አላት፦ «ፓስዎርድ ለውጭ ሰው ሰጥተሻል፤ ደግሞም ዋሽተሽኛል። ሌላ የደበቅሽኝ ነገር አለ የለም አላውቅም። ሙዓዝ የሥራ ሰዓት እስኪያልቅ ኮምፒውተርሽን ይከታተላል። ወደማይታወቅ ቦታ አንድ ነገር ከወጣ ነገ እዚህ አትመጪም። እማማ፣ እርስዎ ከግቢ ይውጡ።»

ወጣሁ። ትምህርት አልሄድኩም። ከመንገዱ ማዶ አንድ ልብስ ሰፊ ደጅ ላይ ድንጋይ አለ፣ እዚያ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ፣ ልጄ ንጹሕ ናት፣ ምን አስፈራኝ አልኩ። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። የኔ ስልክ ሳላዘው፣ ሳላውቀው፣ ጉያዬ ውስጥ ሆኖ ሲልክ ከርሟል። የሷ ኮምፒውተርስ ሳታዘው ቢልክ? ንጹሕ መሆን ለዚህ ነገር ምን ይረባል? እኔም ንጹሕ ነበርኩ።

ስልኩን አውጥቼ አየሁት፤ ጨልሟል። ግን በእርግጥ ጠፍቷል? ቀደም ሲልም ጨለማ ነበር። ዋይፋዩ እስከየት እንደሚደርስ አላውቅም። አስፋልቱን ተሻግሮ ቢይዘኝ፣ ያም ወጣት እንደገና አሁን ወጣ ብሎ ቢጮህ፣ በሉብና ነው የሚያላክኩት። ተነሳሁ። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወረድኩ፤ ውሃው እስኪታየኝ፣ የአሣ አጥማጆቹ ጀልባ እስኪለየኝ ድረስ። እዚህ አይደርስም አልኩ። ከዚያ ደግሞ እኔ ሳልኖር ብትወጣስ? አባረዋት፣ ብቻዋን፣ እያለቀሰች ብትወጣስ? ግማሽ መንገድ ተመለስኩ። እዚያው መሐል ቆምኩ፤ ቢሮው በሩቁ ይታየኛል፣ እኔ ደግሞ ከቢሮው ሩቅ ነኝ። ዚክር እያደረግሁ ጣቴን ስቆጥር እረሳለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ።

የአስር ሶላት ተሰገደ። እኔም እዚያው ከአንዲት ሴት ደጅ ውሃ ለምኜ ሰገድኩ። ሱጁድ ላይ የልጄን ስም ብቻ ነው የጠራሁት፤ ሌላ ዱዓ ጠፋኝ።

ከዚያ ሰው መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሾፌሩ ወጣ። ቀጥሎ ተሻለች፣ እሷ በሌላ በኩል ነው መንገዷ፣ አላየችኝም። ሙዓዝ ቦርሳውን በጀርባው አድርጎ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ሮጬ ልጠይቀው አሰብኩ፤ ስልኩን ይዤ ልቀርበው ግን ፈራሁ። በሩ ተዘግቶ ቆየ። ዋለ አስቀርቷት ነው ማለት ነው። ምን እያላት ይሆን?

በመጨረሻ ሉብና ወጣች። ፊቷን ከሩቅ ላነበው ሞከርኩ፤ ምንም አልሰጠኝ አለ። አጠገቤ ስትደርስ ባዶውን ምሳ ዕቃ ዘረጋችልኝ።

«ነገ ምሳ አታምጪልኝ» አለች።

ምሳ ዕቃውን ደረቴ ላይ አቀፍኩት። «ያ አላህ፣ አባረሩሽ።»

«አላባረሩኝም። ከሰዓት በኋላ ምንም አልወጣም፤ የላክሁት የሥራ ነገር ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሰጠኝ። ግቢ እንዳትገቢ ስለተባለ ነው። በሩ ላይ ጠብቂኝ፣ እኔ ወጥቼ እበላለሁ።»

«ኮንትራቱስ?»

«ይታደሳል አለ። አኩርፎ ነው ያለው፣ ግን ብሏል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አቀፍኳት። እሷ ግን ሰውነቷን አላላላችም። ትንሽ ከሄድን በኋላ ነው የተናገረችው።

«እማ፣ ሁለተኛ ሰርቄ ነው እንዳትይ። ሰው ሁሉ ፊት።»

«አንቺስ ቤት ነው አላልሽም?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«በምን ሌላ ሆነ?»

ባጃጅ ሲያልፍ ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ሳበችኝ።

«ምን ልበል ነበር ታዲያ?» አልኳት።

«ዝም ትይ ነበር።»

«ዝም ብል ኖሮ አንቺን...»

«አውቃለሁ» አለች፤ ክንዴንም ሳትለቅ ወደ ሰፈራችን ታጠፍን።